ከቄራ ሰማይ እስከ በርጋ ረግረግ፦ ለመጥፋት የተቃረቡ አእዋፍን የመመልከት ጉዞ ከአዲስ አበባ ደቡብ ሲታይ

ከጎፋ ወደ መካኒሳ፣ ወይም ከላፍቶ ወደ ጀሞ የሚጓዝ ሰው ረፋድ ላይ ቀና ብሎ ሰማዩን ቢመለከት፣ ሰፋፊ ክንፎቻቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ በክብ የሚያንዣብቡ ጠቆር ያሉ ወፎችን ማየቱ አይቀርም። አብዛኛው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ «አሞራ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ከእነዚህ አሞሮች መካከል ግን ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ የተሰኘው ዝርያ ይገኝበታል። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎራ ተመድቧል። ከዚህ ምድብ ቀጥሎ ያለው ደረጃ «በዱር የጠፋ» የሚለው ነው።

አእዋፍን ለመመልከት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ጎብኚዎች ብርቅ ወፍ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። በሀገሪቱ የተመዘገቡት የአእዋፍ ዝርያዎች ከ860 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከኢትዮጵያ ወሰን ውጪ የማይገኙ አሉ። የተለመደው የጉዞ መስመር ከቦሌ ይነሣና ገፈርሳን ወይም ሱሉልታን በጥቂት ሰዓታት አይቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ባሌ ተራሮች፣ ከዚያም በደቡብ ወደ ነገሌ ቦረናና ወደ ያቤሎ ያመራል። በነገሌ አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖረው የሊበን ላርክ፣ በያቤሎ ዙሪያ ካለው ጠባብ አካባቢ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኘው የቁራ ዘመድ፣ በዚያው አካባቢ የሚበረው ነጭ ጅራት ወንጭፊት ለዚህ ጉዞ ዋና መስሕቦች ናቸው። በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ አዲስ አበባ አውሮፕላን መውረጃና ማደሪያ ከመሆን ያለፈ ድርሻ የላትም። የከተማዋ ደቡባዊ ክፍልማ ጨርሶ አይታሰብም።

ይህ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። በቀይ መዝገቡ ከፍተኛ የአደጋ ምድብ ውስጥ ያለ ወፍ ያለ መኪና፣ ያለ መግቢያ ክፍያና ያለ አስጎብኚ፣ ከገዛ ግቢ ሆኖ ሊታይ የሚችልባቸው ዋና ከተሞች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም። አዲስ አበባ ከእነዚህ አንዷ ናት። ጥያቄው ይህ ዕድል እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ነው።

ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ ከአፍሪካ ጥንብ አንሶች ሁሉ በመጠን አነስተኛ ከሚባሉት ይመደባል። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም ብዙም የማይርቅ ሲሆን መላ አካሉ ጥቁር ቡናማ ነው። ፊቱና ጉሮሮው ላባ የላቸውም፤ ከማጅራቱ እስከ አናቱ ያለው ነጣ ያለ ለስላሳ ላባ ግን ቆብ ያጠለቀ ያስመስለዋል። በላቲን የተሰጠው የሳይንስ ስሙ ውስጥ «መነኩሴ» የሚል ቃል የገባውም በዚሁ መልኩ ምክንያት ነው። ወፉ ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ሐመር ሮዝ የነበረው ፊቱ በአንድ አፍታ ደም ይመስላል። ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ የከብት ቆዳ መቅደድ አይችልም። ትላልቆቹ ጥንብ አንሶች ከፍተው የሚተዉትን፣ ወይም ሰው የጣለውን የሥጋ ቅሪት እየለቀመ ይኖራል። ከሰው መንደር የማይርቀውም ለዚህ ነው። ረጃጅም ዛፎች ላይ ጎጆውን ሠርቶ በአንድ የመራቢያ ወቅት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። አንድ ዓመት ጎጆው ቢፈርስ ወይም ጫጩቱ ቢሞት ለዚያ ዓመት ምትክ አይኖረውም ማለት ይቻላል።

በዚሁ ሰማይ ላይ ከእርሱ ጋር ሌሎችም ይታያሉ። ጀርባው ነጣ ያለው ጥንብ አንሳ እና ሩፔል በተሰኘው የጀርመን ተጓዥ ስም የሚጠራው ትልቁ ጥንብ አንሳ ሁለቱም እንደ ባለ ቆቡ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው። ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በስሙ የተሰየመው ወፍ በበረራ ከፍታ እስካሁን የሚስተካከለው አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከአንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር የተጋጨው ከ11,000 ሜትር በላይ ነበር። ወደ ምድር ቀረብ ሲባል ደግሞ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው አባ ኮዳ፣ ጭልፊት፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራና በጠዋት ጩኸቱ ሠፈር የሚቀሰቅሰው ጋጋኖ አሉ። እነዚህ በአደጋ ላይ ያሉ ባይሆኑም፣ የአእዋፍ ትምህርት መጀመር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መለያ ይሆናሉ። ለምሳሌ ጭልፊት በሚበርበት ጊዜ ጅራቱ እንደ ሹካ መሐሉ ገባ ያለ ነው፤ የጥንብ አንሳ ጅራት አጭርና ሰፊ፣ የክንፉ ጫፍም እንደ ተከፈተ ጣት ነው።

የጥንብ አንሶች ቁልቁለት ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለመረዳት በመላ አፍሪካ የተሰበሰበውን መረጃ መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው አህጉር አቀፍ ጥናት መሠረት በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ የባለ ቆብ ጥንብ አንሳ ቁጥር በ83 በመቶ፣ የነጭ ጀርባው በ90 በመቶ፣ የሩፔሉ ደግሞ በ97 በመቶ ቀንሷል። ከምክንያቶቹ ሁሉ የከፋው መርዝ ነው። አርቢው ጅብ ወይም አንበሳ ለመግደል በሬሳ ላይ የሚያኖረው ፀረ ተባይ የታሰበለትን አውሬ ሳይገድል በመቶ የሚቆጠሩ ጥንብ አንሶችን ሊፈጅ ይችላል፤ ምክንያቱም ጥንብ አንሶች በኅብረት የሚበሉ ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ የጥንብ አንሳ አካላት ለባህላዊ እምነት ይፈለጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በጊኒ ቢሳው ከ2,000 በላይ ባለ ቆብ ጥንብ አንሶች በመርዝ አልቀው የተገኙትም ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው። ከመርዝ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የዛፎች መቆረጥና የምግብ መመናመን ይጠቀሳሉ።

የሩቁ የደቡብ እስያ ተሞክሮ ነገሩን ለከተማ ነዋሪ ይበልጥ ያቀርበዋል። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሚሊዮኖች የነበሩት ጥንብ አንሶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፉ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ቀርቶ የወፎቹን ኩላሊት ያወድም ነበር። ሦስቱ ሀገሮች መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 አገዱ። ወፎቹ ሲጠፉ ግን ሬሳው አልጠፋም። ውሾች በዙ፤ ከውሾች ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ተስፋፋ። በሕንድ የተሠራ አንድ ስሌት እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በዚህ ሰበብ በበሽታው ተጨማሪ 48,000 ያህል ሰዎች መሞታቸውን ይገምታል። ወፉን «ጥንብ አንሳ» ያለው የአማርኛ ተናጋሪ ሥራውን በስሙ ውስጥ አኑሮታል፤ ያንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ፍጡር ሲመጣ ዋጋው ምን እንደሆነ ግን ያሳየው የሕንድ ታሪክ ነው።

የውሻ ጉዳይ በአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ በሚገኙ የእንስሳት ማረጃ ሥፍራዎች በእንቅስቃሴ የሚሠሩ ካሜራዎች ተተክለው በተካሄደ ክትትል የጥንብ አንሶች መጠን ሲቀንስ የውሾች መጠን ጨምሯል። ውሻ ባለበት ጥንብ አንሳ በነፃነት አይበላም። ስለዚህ ቅሪቱ በአጥር የተጠበቀ ማረጃ ለወፎቹ የሚጠቅም፣ በሽታንም የሚቀንስ ነው። አጥር መሥራት ደግሞ ከብዙ የጥበቃ ፕሮጀክቶች አንጻር ሲታይ ርካሽ ነው። የባዘኑ ውሾችን በመርዝ ማስወገድ ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ የተመረዘውን ውሻ ሬሳ የሚያነሣው ያው ጥንብ አንሳ ነውና።

ከጎፋ አጠገብ የሚገኘው ቄራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን ሥጋ ሲያቀርብ፣ ሳያስበው የእነዚህን ወፎች ማዕድ ሲዘረጋ ኖሯል። ሁለተኛው ማዕድ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ያለው የቆሼ ቆሻሻ ማከማቻ ነው። ቆሼ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ወፍ ሳይሆን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል። የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከሜዳ ላይ ክምርነት መውጣቱ፣ የእርድ አገልግሎቱም መዘመኑ ለነዋሪው ጤና የማያወላዳ ጥቅም አለው። ማንም ሰው ለወፍ ሲባል ቆሻሻ ክፍት ይቀመጥ ሊል አይችልም።

ችግሩ ያለው የጽዳቱ ዕቅድ ሲነደፍ ወፎቹ የማይቆጠሩ መሆናቸው ላይ ነው። ማረጃው ሲዘጋ ወይም ሲዛወር፣ ክምሩ በአፈር ሲሸፈን፣ ለዘመናት በአንድ ቦታ መመገብ የለመዱ ወፎች ምግባቸው በአንድ ወቅት ይቋረጣል። በሌሎች ሀገሮች ለዚህ የተገኘው መልስ የጥንብ አንሳ ማዕድ የሚባለው የተከለለ ሥፍራ ነው፦ ከመድኃኒትና ከመርዝ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠ የእርድ ቅሪት ከሰውና ከውሻ በራቀ አጥር ውስጥ ይቀመጣል፤ ወፎቹ ይመገባሉ፤ ጎብኚም ከተዘጋጀ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኔፓልና በስፔን እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። በኔፓል ያለው ከጎብኚዎች የሚያገኘውን ገቢ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ያውላል። ለአዲስ አበባ ደቡብ ይህ ሐሳብ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ቦታው ግን ከቦሌ የአውሮፕላን መንደርደሪያ አቅጣጫ ርቆ መመረጥ ይኖርበታል። ከፍ ብሎ የሚያንዣብብ ትልቅ ወፍ ለአውሮፕላን ሞተር አደጋ መሆኑ የታወቀ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌሎች ሀገሮች የማይቀዳ፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አንድ ጉዳይም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የከተማዋ የእርድ መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ይህ በዱር እንስሳት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ቀደም ሲል በጅብ ላይ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በትግራይ የተካሄደ ጥናት ጅቦች በጾሙ ወቅት ወደ አህያ አደን እንደሚዞሩ አሳይቷል። ጥንብ አንሳ ማደን አይችልም። ስለዚህ በጾም ወራት የቄራ ሰማይ ባዶ ቢመስል ወፎቹ ርቀው ምግብ ፍለጋ ሄደዋል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ርቀው በሄዱ ቁጥር ደግሞ መርዝ የሚያገኙበት አጋጣሚ ይሰፋል። በዓል በዋለ ማግስት ማለዳ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው በአንጻሩ ወፎቹን በብዛት የማየት ዕድል ይኖረዋል።

የክፍለ ከተማው ሌላው በር ወንዙ ነው። ትንሹ አቃቂ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንደሮች መካከል አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራበት ሥፍራ ነው። ከአካባቢው ሜዳና ረግረግ ጋር ተዳምሮ ለአእዋፍ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ እንዳላቸው ከተለዩት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች መካከል ይቆጠራል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ክሬን የተባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች የአቃቂን የእህል ማሳ ይሞሉታል። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው ጥቁር ክሬንም በዚህ አካባቢ የሚታይ ሲሆን እርሱም ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ይመደባል።

ለአዲስ አበባ ደቡብ ነዋሪ ይህ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከፋብሪካና ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ግን በዚያው ወንዝ ላይ ተጉዞ የሚያርፈው እነዚሁ ወፎች በሚከርሙበት ውሃ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማት ዕቅድ ከመዝናኛና ከመንገድ ገጽታው በላይ መመዘን ያለበት በዚህ ነው፤ ዳርቻው ቢያምርም ውሃው ካልጠራ ለአባ ሳሙኤል የሚደርሰው ለውጥ የለም። የወንዙ ዳር ዛፎች ዓይነትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ለጥንብ አንሳ ጎጆ የሚሆነው በአንድ ክረምት የሚያድግ የጌጥ ተክል ሳይሆን ያረጀ ረጅም ዛፍ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዛፍ በአብዛኛው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢና በቆዩ የመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ነው።

ወፉን ለማየት መሄድ ራሱ ወፉን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ካለው የበርጋ ረግረግ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በበርጋ የሣር ረግረግ ውስጥ ፍላፍቴል የምትባል፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ክንፈ ነጭ ወፍ በክረምት ወራት ትራባለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ያለች ስትሆን፣ በዓለም ላይ ያሉት ለመራባት የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከኢትዮጵያ ሌላ በእርግጠኝነት የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ መራባቷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2018 መሆኑን ስናይ፣ ከዚያ በፊት የታወቁት የመራቢያ ሥፍራዎች ሁሉ በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ፣ በበርጋና በሱሉልታ ዙሪያ እንደነበሩ እንረዳለን።

ፍላፍቴል አትበርም ማለት ይቀላል፤ ሣሩ ውስጥ እንደ አይጥ ትሮጣለች፤ ሰው እግሯ ሥር ካልደረሰ አትነሣም። ስለዚህ እርሷን «ማየት» የሚፈልግ ጎብኚ ያለው አማራጭ ረግረጉን በእግሩ እየረገጠ ማስነሣት ነው። ያ ማለት በመራቢያ ወቅት እንቁላልና ጫጩት ሊረገጥ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ አንጻር ሲመዘን በክረምት ወደ በርጋ የሚደረግ የጉብኝት ጉዞ መቅረቱ ይሻላል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በርጋን ሊያይ የሚሻ ሰው ከመስከረም በኋላ ሄዶ ረግረጉን ከዳር ሆኖ መመልከት፣ በዚያ የሚገኙትን ሌሎች የደጋ አእዋፍ መለየት ይችላል።

በርጋ ግን በሌላ ነገር መታየት ይገባታል። የአካባቢው አርሶ አደሮች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በመሆን ወፏ በምትራባበት ወቅት ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ የሚጠብቁበት ሥርዓት ዘርግተዋል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነባር ተቋም ነው። ከደቡብ አፍሪካ አጋሮች በተገኘ ድጋፍ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል በአንዲት ትንሽ ወፍ ሰበብ የተገነባ መሆኑን ያውቃሉ። ግጦሽን ለሁለት ወር መተው ለአርቢ ቤተሰብ እውነተኛ ኪሣራ ነው፤ ሥርዓቱ የሚቆየውም ያ ኪሣራ በሚታይ ጥቅም እስከ ተካካሰ ድረስ ነው። ስለ ቄራ ጥንብ አንሶች ለሚታሰበው ማንኛውም ዕቅድ ከበርጋ የሚወሰደው ልምድ ይኸው ነው።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚዘጋጅ ተገልጋይ ሊያውቃቸው የሚገቡ የአሠራር ጉዳዮች አሉ። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን፣ መያዝና መነገድ የተከለከለ ነው። የታመመ ወፍ አግኝቶ በቤት ማኖርም በቅን ልቦና የተደረገ ቢሆን እንኳ ከዚህ ክልከላ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ በቅድሚያ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማነጋገር ይገባል። በባለሥልጣኑ በሚተዳደሩ ብሔራዊ ፓርኮች የመግቢያ ክፍያው ለኢትዮጵያውያን፣ በሀገር ውስጥ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎችና ለውጭ ጎብኚዎች የተለያየ ነው። ኢትዮጵያውያን ተገልጋዮች መታወቂያ ይዘው ቢገኙ ለእነርሱ በተመደበው ዋጋ ይስተናገዳሉ። አባ ሳሙኤል፣ ገፈርሳና ሱሉልታ ብሔራዊ ፓርኮች አይደሉም፤ ሆኖም የግል ማሳዎችና የውሃ ተቋማት ያሉባቸው በመሆናቸው ማሳ ከመርገጥ በፊት ባለቤቱን፣ ወደ ግድብ ከመቅረብ በፊት ጥበቃውን መጠየቅ ግድ ነው።

አቅርቦ ማሳያ መነጽር ለዚህ ጉዞ ዋናው መሣሪያ ነው። በሀገር ውስጥ ያለው የሚበቃ ሲሆን፣ ከውጭ ሀገር የሚመጣ ዘመድ ወይም እንግዳ መነጽር ይዞ የሚገባ ከሆነ ግን ቦሌ ላይ እንዳይጉላላ አስቀድሞ የጉምሩክ ኮሚሽንን መጠየቁ ወይም የሚያስተናግደው አስጎብኚ ድርጅት ደብዳቤ እንዲያዘጋጅለት ማድረጉ ተገቢ ነው። በዚህ ጉዳይ የጎብኚዎች ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። በድሮን ፎቶ ለማንሣት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቢገኝም እንኳ ጎጆ ባለበት ዛፍ አካባቢ ድሮን ማብረር ወፏ እንቁላሏን ጥላ እንድትሸሽ ያደርጋል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ ወፉን መጥራትም በመራቢያ ወቅት መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ አስጎብኚው ለደንበኛው ሲል የሚያደርገው ከሆነ ደንበኛው ራሱ «አያስፈልግም» ማለት ይችላል።

ቄራ የሥራ ቦታ እንጂ ለጎብኚ የተዘጋጀ ሥፍራ አይደለም። ወደ ቅጥር ግቢው ለመግባትም ሆነ በዚያ ፎቶ ለማንሣት የድርጅቱ ፈቃድ ያሻል። ቆሼም ለጉብኝት የሚመከር አይደለም። ወፎቹን ለማየት ግን ወደ ሁለቱም መጠጋት አያስፈልግም። ጥንብ አንሶች ሌሊቱን በዛፍ ላይ አድረው አየሩ እስኪሞቅ ድረስ አይነሡም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን በሞቀው አየር ላይ ተንሳፍፈው ከፍ ይላሉ። በዚህ ሰዓት ከጎፋ፣ ከመካኒሳ ወይም ከላፍቶ ከፍታዎች ሆኖ ወደ ሰማይ መመልከት ይበቃል። ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ ክበባት ይህ ያለ አውቶቡስ ኪራይ የሚካሄድ ትምህርት ነው።

በአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ጥንብ አንሳ ሞቶ የተገኘ እንደሆነ መርዝ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ሬሳውን በባዶ እጅ መንካት ለሰውም አደገኛ ነው፤ ልጆችንና ውሾችን ማራቅ፣ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቦ ፎቶ በማንሣት ለክፍለ ከተማው አስተዳደርና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ያስፈልጋል። በግቢው ውስጥ ጎጆ ያለበት ረጅም ዛፍ ለመቁረጥ የተገደደ ነዋሪም ጫጩቱ እስኪበር ጥቂት ወራት ቢታገሥ የዚያን ጥንድ ወፎች የዓመት ልፋት ያድናል።

ከዚህ አልፎ መሳተፍ ለሚፈልግ በዓመት ውስጥ ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። የመጀመሪያው በየዓመቱ በፈረንጆቹ መስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ማለትም በነሐሴ ማብቂያ ወይም በጳጉሜን መግቢያ፣ የሚውለው ዓለም አቀፍ የጥንብ አንሶች ቀን ነው። ሁለተኛው በጥር ወር ገደማ በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞችን ያሳትፋል። ለመቁጠር የሙያ ማስረጃ አይጠየቅም፤ ልምድ ካለው ሰው ጋር ተጣምሮ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ቁጥሩን መመዝገብ ይበቃል። በማለዳ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ሰው ሙቅ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ እስክሪብቶ በጤዛ ይበላሻል።